አንድ ቃል የቀረለት ሰው

ጋቢር የወደቀው የዓሣ ጨረታ እየጠራ፣ እጁን ወደ እኔ እንደ ዘረጋ ነው።

እግሩ ሥር አንድ ሳጥን ሽሪምፕ ነበር። እኔ ዋጋ ጠራሁ፤ የአንድ ምግብ ቤት ሰው ጨመረብኝ። ጋቢር ወደ እኔ ዞሮ፣ "ምነው ሰኒያ፣ ዝም ልትዪ ነው? ባልሽም እኮ እንዲህ ስትዘገዪ ነው ያመለጠሽ!" ብሎ ገበያውን አሳቀብኝ። ልክ ልኩን ልነግረው አፌን ስከፍት የእሱ አፍ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። እኔን መኮረጁ መስሎን ሁላችንም ሳቅን። እሱ ግን ከቆመበት ሳጥን ላይ ተንሸራቶ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በፊቱ ተደፋ። እንዲያ ያለ ዝምታ በእስክንድርያው የአንፉሺ ዓሣ ገበያ ሰምቼ አላውቅም። ዋጋ የጠራሁበት ጣቴ እንኳ አልታጠፈም ነበር።

ጋቢርን እናንተ አታውቁትም። እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ ዓሣ የምገዛው ከእሱ አፍ ነው። ከአፉ ያልኩት አውቄ ነው፤ ጨረታ ጠሪ ጀልባ የለው፣ መረብ የለው፣ ያለው አፉ ብቻ ነው። አባቱ መረብ ጠጋኝ ነበር። እሱ በረዶ ተሸካሚ ሆኖ ገበያው ውስጥ ገባ፤ አንድ ቀን የጠሪው ድምፅ ዘግቶ "ና እስቲ አንተ ጩህ" አሉት፣ ከዚያ ወዲህ ከሳጥኑ አልወረደም። ፊደል አይለይም። ግን ማን ቅንድቡን ሲያነሣ ጨመረ ማለት እንደ ሆነ፣ ማን ጆሮውን ሲያክ ተወው ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ተሳዳቢ ነው፤ ቂመኛ ነው፤ ከታናሽ ወንድሙ ከሚድሐት ጋር በረባ ባልረባው ይኳረፋል። አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ቃል ላይ። "ሰው በተሰበሰበበት የተጠራ ዋጋ ብቻ ነው ዋጋ" ይላል። ጥግ ይዞ በጆሮው ሹክ የሚለውን ገዢ ሰው ጠርቶ ያዋርደዋል።

ሌላው የማይቀልድበት ነገር ልጁ ሪሃም ናት። ነርስነት ስትማር በሞተር ሳይክሉ ኮሌጁ በር ድረስ የሚያደርሳት ራሱ ነበር። ጓደኞቿ በዓሣ ሽታው አፍንጫቸውን ሲይዙ፣ "ያዙት፣ ያዙት፣ ይህ ሽታ ነው የሚያስተምራት!" እያለ ይስቅባቸዋል። "ልጄ ሳትመረቅ በዚህ ቤት የሠርግ ወሬ አይነሣም" ብሎ ስንቱን አማላጅ ከደረጃው መልሷል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እንዴት እንደ ረሳነው ነው እስከ ዛሬ የማይገባኝ።

ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉን። የአንጎሉ ግራ ጎን ደም አጥሮት ተጎዳ፤ ቀኝ እጁ ሰነፈ፤ እያነከሰም ቢሆን መራመድ ቻለ። አፉ ግን ተዘጋ። ከዚያ ሁሉ ስድብና ቀልድ አንድ ቃል ብቻ ቀረለት፤ "አዎ"። ውሃ ሲጠማው "አዎ"፣ ሲናደድ "አዎ"፣ ድመቷን ከትሪው ላይ ሲያባርር "አዎ"። ራሱን የሚነቀንቀውም ቃሉን ተከትሎ ነው። ልጠይቀው ሄጄ "ጋቢር፣ አወቅኸኝ?" ስለው "አዎ" ሲለኝ ደስ አለኝ። ቆይቶ ባዶውን ግድግዳ እያየ "አዎ፣ አዎ፣ አዎ" ሲል ግን ቅርጫቴን አንሥቼ ወጣሁ።

ሚድሐት በወንድሙ ፋንታ ሳጥኑ ላይ ወጣ። ዓሣውን ለየትኛው ጠሪ እንደሚሰጡ የሚመርጡት ባለጀልባዎቹ ናቸው፤ ትልልቆቹ ጀልባዎች ደግሞ የሐጅ በድራዊ ናቸው። ሐጅ ወደ ሌላ ጠሪ ሊዞሩ ነው ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ሚድሐት እኚህኑ ሐጅ ከነልጃቸው ከሃይሰም ይዞ፣ ኬክና አንድ ትሪ ባስቡሳ ጣፋጭ አሸክሞ፣ ሪሃምን ሊያስጠይቅ ወንድሙ ቤት መጣ። እኔም ተጠርቼ ነበር። ጋቢርን ነጭ ጀለቢያ አልብሰው ወንበር ላይ አስቀምጠውታል።

"መዓለም ጋቢር" አሉ ሐጅ በገበያው የማክበሪያ ስም፣ "ልጅህን ለልጄ ትሰጠኛለህ?"

"አዎ።"

"ከልብህ ነው?"

"አዎ! አዎ! አዎ!" ፊቱ ቀላ፤ በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ደበደበው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እዩት የአባት ደስታ!" አለ ሚድሐት። እኛ ሴቶቹ እልል አልን። ወንዶቹ መዳፋቸውን ዘርግተው የቁርኣኑን መክፈቻ ፋቲሃን ቀሩ። እዚህ ሰፈር ፋቲሃ ከተቀራ በኋላ ማፍረስ ቤት ለቤት የሚያጣላ ነውር ነው። ሪሃም ከጓዳ ወጥታ አባቷን አየችው፤ "ባባ ካለ እሺ" አለች። ወዲያው ኮሌጁን አስቆሟት።

ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ሚድሐት ግን አንድ ቀን ሻይ እየጠጣ፣ "እንግዲህ ወንድሜ መናገር አይችልም፤ የኒካሁ ዕለት፣ ጋብቻው ሲታሰር፣ ልጅቷን የምድረው ወሊይ ሆኜ የምቆመው እኔ ነኝ" አለ። ጋቢር የሻይ ብርጭቆውን ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠው። "አዎ! አዎ!" እያለ በግራ እጁ የገዛ አፉን መታ፣ ደግሞ መታ፣ ከንፈሩ እስኪደማ። ሚስቱ ኢንሺራሕ እጁ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ያኔ ገባን፤ ልጁን በራሱ አንደበት ሊድር ይፈልጋል። ኒካሁ ከዐረፋ በዓል በኋላ ተቆርጧል። እስከዚያ ጋቢር አንዲት ዐረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ ሚድሐት በቦታው ይቆማል።

ዶክተር ሉብናን ያገኘቻት ሪሃም ናት። ኮሌጅ ሳለች፣ ሰው አንጎል ላይ ማግኔት እያስቀመጠች አንደበት የጠፋባቸውን የምታጠና ተመራማሪ አለች ሲባል ሰምታ ነበር። ኢንሺራሕ ሊፍት ስለምትፈራ የሚያጅባቸው ሰው ፈለጉ፤ እኔ ደግሞ የምፈራው ነገር የለም እያልኩ የምኖር ሰው ነኝ። ዶክተር የተባለችውን ሳያት ቀጭን፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ የማይረጋ ልጅ ናት።

"ይቺ ልጅ ናት ጭንቅላት የምትጠግነው?" አልኩ ለኢንሺራሕ። ቀስ ብሎ ማውራት አልችልበትም።

"አልጠግንም አክስቴ" አለች ዶክተሯ፣ "ምን እንደሚጠግን እየፈለግሁ ነው።"

ሐኪም "አድንሃለሁ" ሲል ነው የለመድነው፤ ይህ መልስ አላማረኝም። ጋቢርን አስቀምጣ መጠየቅ ጀመረች።

"ስምዎ ጋቢር ነው?"

"አዎ።"

"ያለነው እስክንድርያ ነው?"

"አዎ።"

"እርስዎ ሴት ነዎት?"

"አዎ።"

እኔና ኢንሺራሕ በሳቅ ፈረስን። "ይኼ ሰውዬ ሞት አፋፍ ደርሶም ቀልዱን አይተውም!" አልኩ። ጋቢር ጉልበቱን በጡጫ መታ። ዶክተሯ አልሳቀችም። "ቃሉና ሐሳቡ ገና አልተገናኙም" አለች። የሐኪም ወሬ ነው ብዬ አሳለፍኩት።

ከዚያ ነገሩን አስረዳችን። የአንጎሉ ግራ ጎን፣ የንግግሩ ቤት፣ ተጎድቷል፤ ግን ሁሉ አልሞተም። ቀኙ ጎን ልርዳ ብሎ ተነሥቷል፣ ሲረዳ ግን ከመጠን በላይ እየጮኸ የግራውን ደካማ ድምፅ ይውጠው ይሆናል። ስለዚህ ከራስ ቅል ውጭ ማግኔት አስጠግታ ቀኙን ለጥቂት ጊዜ ዝም ታሰኘዋለች፤ ወዲያው የንግግር ልምምድ ይከተላል።

"ባንድ ሳጥን ላይ ሁለት ጠሪ ጮኸ በይኛ" አልኳት።

"እንደዚያ ነው ብለን እንገምታለን" አለች። "ልክ መሆናችንን ገና አላወቅንም። ደግሞ ከሕመምተኞቹ ግማሹ የሚደርሳቸው ድምፅ ብቻ ያለው፣ ኃይል የሌለው ማግኔት ነው። ለማን የትኛው እንደ ደረሰ ጥናቱ እስኪዘጋ እኔም አላውቅም።"

ደሜ ፈላ። "ባዶ ሳጥን ልትሸጪልን ነው እንዴ?"

"አክስቴ፣ ሰው በራሱ ጊዜም ይሻለዋል፣ ተስፋም ያናግራል። ካላወዳደርኩ መድኃኒቱ ማግኔቱ ይሁን ተስፋው በምን አውቃለሁ? ባዶው የደረሰው ሲያበቃ እውነተኛውን ያገኛል።"

ጋቢር ግራ እጁን ዘርግቶ የዶክተሯን ነጭ ካፖርት ጫፍ ያዘ። "አዎ" አለ። ያኛውን አዎ ሁላችንም አመንነው።

ማሽኑ ሁለት ቀለበት ጎን ለጎን የተጣበቁበት፣ ስምንት ቁጥር የሚመስል ነገር ነው። ጭንቅላቱ ላይ ያስጠጉታል፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ በቃ። አብሬው እየተመላለስኩ ይህን ስመለከት ሰነበትኩና ታከተኝ። አንድ ቀን ዶክተር ሉብና ለማወዳደሪያ ጤነኛ ሰዎች እንደምትፈልግ፣ በማግኔቱ የንግግሩን ቤት ለቅጽበት ብቻ እንደምታቋርጥ ስትናገር ሰማሁ።

"አምጪው እስቲ!" አልኳት። "የእኔን ምላስ የሚያቆም ማሽን ከተፈጠረ ልየው።"

ጋቢር ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ዶክተሯ መጀመሪያ ብዙ ጠየቀችኝ፤ የሚጥል በሽታ አለብሽ ወይ፣ ራስሽ ውስጥ ብረት አለ ወይ። "ብረቱ ምላሴ ላይ ነው" አልኳት። አስፈረመችኝ፣ ባሻሽ ጊዜ እጅሽን አንሺ አቆማለሁ አለችኝ፣ አስቀመጠችኝ። ማግኔቱን በግራ በኩል ከጆሮዬ ከፍ አድርጋ አስጠጋችውና የዓሣ ስም ያለ ማቋረጥ ጥሪ አለችኝ። ይህማ ለእኔ ትንፋሽ ነው።

"ቡሪ፣ ደኒስ፣ ባርቦኒ፣ ሙሳ፣ ሰርዲን፣ ካቡሪያ፣ ቡሪ፣ ደኒ—"

ጠቅጠቅጠቅጠቅ።

ቆመ።

አልረሳሁትም! ደኒስ ዓይኔ ላይ አለ፣ ብሩ ቆዳው፣ ግንባሩ ላይ ያለችው የወርቅ መስመር። ስሙን አውቀዋለሁ፣ ልጠራው እየገፋሁ ነው፣ አፌ ክፍት ነው፣ ምንም አይወጣም። ዶክተሯ ስታየኝ አያታለሁ። ኢንሺራሕ አፏን በእጇ ስትከድን አያታለሁ። "አቁሚ!" ልል ፈለግሁ፣ እሱም የለም። ሰኒያ ሙሉዋ እዚያ ነበረች፣ አንድም ነገር አልጎደለባትም፣ አፍ ብቻ አልነበራትም። እጄን አነሣሁ።

ድምፁ ሲቆም "—ስ!" ብዬ ጮህኩ። ቅጽበት ነው የሆነው አሉኝ። ለእኔ ግን አንድ ሙሉ ጨረታ ያህል ረዘመብኝ። ዶክተሯን ልሳደብ ተነሣሁና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጋቢር እያነከሰ መጣና ግራ እጁን ራሴ ላይ አስቀመጠ።

"ይሄ ነው?" አልኩት። "ጋቢር፣ ቀኑን ሙሉ ይሄ ነው?"

"አዎ" አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ አበድኩ ብትሉ ይቀላል። ቤቱ ስሄድ እንግዳው ሁሉ "ያልፍለት ይሆን?" "ማወቁንስ ያውቃል?" እያለ ፊቱ ላይ ያወራል። "ይሰማችኋል! ከእናንተ የተሻለ ይሰማል!" እያልኩ ስንቱን ከሻይው አስነሣሁት። ኢንሺራሕ "ሰኒያ፣ እንግዳ አባረርሽብኝ" ትላለች።

ወሬ ደግሞ እግር አለው። ጋቢር ለንግግሩ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል የተባለው፣ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሲደርስ "ጭንቅላቱን በኤሌክትሪክ ይነዝሩታል" ሆነ፤ ቡና ቤቱ ሲደርስ "አብዶ ነው" ሆነ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሐጅ በድራዊና ሚድሐት ጋቢር ቤት ተቀምጠው ደረስኩ።

"እብድ ወሊይ አይሆንም" ይላሉ ሐጅ፣ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ። "ይህ ሸሪዓ ነው። ሚድሐት ይቁም።"

"ማን ነው እብድ?" አልኩ ገና ከበሩ፣ የዓሣ ቅርጫቴን ሳላወርድ። "ሐጅ፣ እኔም እኮ ያው ማሽን ላይ ተቀምጫለሁ። ታዲያ አብጃለሁ?"

"አንቺማ ከማሽኑ በፊትም ነበርሽ" አሉ፤ ሚድሐት ሳቀ።

"ሳቅ አንተ! የወንድምህ ሳጥን ላይ መውጣትህ አነሰህና ልጁንም ልትድርለት ነው? ሐጅ፣ እርስዎ ሸሪዓ ካሉ እኔም ሸሪዓ እላለሁ። ኒካህ አሳሪው ሸህ ሙርሲ ራሳቸው ይመርምሩት። ልቡናው ካለና ቃሉን ካለ እሱ ይቆማል፤ ካቃተው ያኔ ሚድሐት።"

"ማንም ይቁም ማን፣ ኒካሁ አይቀርም" አለ ሚድሐት። "ፋቲሃ ተቀርቷል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማሽም?"

ተረቱ ጆሮዬን ቆረጠኝ። ልጅቷ እዚያው በሩ ሥር ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። ብቻ ያሸነፍኩ መስሎኝ፣ ሸህ ሙርሲ እንዲመረምሩት ተስማምተን ተለያየን።

በዓሉ እየቀረበ ሲመጣ ቃላቱ አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ። መጀመሪያ "ውሃ" አለ። ቀጥሎ "ጨው" አለ፤ ፊቱን አጨማዶ የኢንሺራሕን ወጥ ገፋው፣ እሷ ግን በደስታ ጎረቤት ጠራች። አንድ ጠዋት "ሪ... ሃም" ሲል ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቀረች። ማግኔቱ ይሁን፣ ልምምዱ ይሁን፣ ጊዜ ይሁን፣ ዶክተር ሉብና ዛሬም "ገና ነው" ነው የምትለው። የወሊይን ቃል ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ፣ በጨረታ ዜማ አስጠናችው፤ በዜማ ሲሆን ይወጣለታል። ከዚህ ሌላ ደግሞ እያንዳንዱ ሕመምተኛ በጣም የሚፈልገውን አንድ ቃል እንዲመርጥ ታደርጋለች። ጋቢር የመረጠውን በር ዘግተው ነው ያጠኑት።

"ምን መርጦ ነው?" አልኳት።

"ባለቤቱን ይጠይቁ አክስቴ።"

ለሙሽሮቹ ምርቃት ነው አልን፤ ሌላ ምን ይሆናል?

የኒካሁ ቀን ሳሎኑ ሞላ። ወንዶቹ ወንበር ላይ፣ እኛ ሴቶቹ በሩ ላይ ተጠጋግተን፣ ሪሃም ነጭ ለብሳ ከመካከላችን። ሸህ ሙርሲ ትልቁን መዝገባቸውን ከፈቱ። ጋቢርንና ሃይሰምን ፊት ለፊት አስቀምጠው ቀኝ እጅ ለቀኝ እጅ አጨባበጧቸው፤ የጋቢርን እጅ አንሥታ ያስያዘችው ኢንሺራሕ ናት። በላዩ ነጭ መሐረብ ተደረገ።

"መዓለም፣ ስምህ ማን ነው?" አሉ ሸሁ።

"ጋቢር... ዓብዱ።"

"ለምን ተሰበሰብን?"

"ኒካህ። የሪሃም።"

ክፍሉ ተንሾካሾከ። ሐጅ በድራዊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ሐጅን እያየሁ አገጬን ቀና አደረግሁ፤ ደረቴ ሊፈነዳ ነበር። ለዚህ ቀን ስንት ሰው ተጣልቻለሁ!

"ልቡናው ሙሉ ነው" አሉ ሸሁ። "በል ተከተለኝ። ልጄን።"

"ልጄን።"

"ሪሃምን።"

"ሪሃምን።" ግንባሩ በላብ ረጥቧል።

"ለአንተ ድሬልሃለሁ።"

ጋቢር ዝም አለ። ሸሁ ደገሙለት። ዝም አለ። አፉ ይንቀሳቀሳል። ከንፈሬን ነክሼ "በል፣ በል" እላለሁ በሆዴ።

"ደክሞታል፣ እኔ ልጨርሰው" አለ ሚድሐት፤ ተነሥቶ እጁን ወደ መሐረቡ ዘረጋ።

ጋቢር በግራ እጁ የቀኝ እጁን አንጓ ያዘ፤ ከሃይሰም መዳፍ ውስጥ ጎትቶ አወጣው። መሐረቡ መሬት ወደቀ።

"አይሆንም" አለ።

በር ዘግተው ያጠኗት ቃል ሳትሰበር፣ ሳትንተባተብ፣ እንደ ድሮው ድምፁ ወጣች። አንዲት ሴት ይዛው የነበረውን የሻርባት ብርጭቆ ለቀቀችው። እኔ ራሴ፣ ለዚህ ኒካህ ጉሮሮዬ እስኪነቃ የጮህኩት፣ እግሬ ከወለሉ ጋር የተሰፋ መሰለኝ።

"ያው! ያው!" ብለው ሐጅ ብድግ አሉ። "ኤሌክትሪኩ ነው የሚናገረው!"

"ወንድሜ!" አለ ሚድሐት፣ ፊቱ አመድ ሆኗል። "አንተው አይደለህም እንዴ የሰጠኸው? ፋቲሃው ዕለት ሰው ሁሉ ፊት ደጋግመህ አዎ አላልክም?"

ጋቢር ወደ እሱ ዞረ። ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚቀዳ ሰው፣ አወጣቸው።

"ሌላ... ቃል... አልነበረኝም።"

ጡጫው፣ የቀላው ፊት፣ እንባው ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ደስታ ነው ያልነው! ሰውየው በዚያች በቀረችው ቃል "ተዉ፣ ተዉ፣ ልጄን ተዉ" እያለ ሲጮህ እኛ እልል ብለንበታል። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆሜ ቀረሁ፤ አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ በማን እንደምናደድ አላወቅሁም። ሰው ሳይሰበሰብ ቢለው ኖሮ ኤሌክትሪክ ነው ብለው ያልፉት ነበር፤ ይህን እሱ ቀድሞ አውቆታል። ሰው በተሰበሰበበት፣ ሸህ ልቡናውን መስክረውለት፣ ያኔ ተናገረ።

ሸህ ሙርሲ መዝገቡን ዘጉት። "ወሊዩ አልፈቀደም" አሉ። "አንቺስ ልጄ? ፈቃድሽ ምንድን ነው?"

"ባባ ፈልጎ መስሎኝ ነው" አለች ሪሃም። ድምፅዋ በጭንቅ ይሰማል። "ባባን ደስ ያለው መስሎኝ ነው እንጂ..."

"ትምህርት" አለ ጋቢር። "ሂጂ... ትምህርትሽ።"

ሐጅ ልጃቸውን ይዘው፣ በሩን አላትመው ወጡ። ሚድሐት ግን መሄድ አቃተው። መካከል ላይ ቆሞ ጣቶቹን ያፍተለትላል። "ሳጥኑንስ?" አለ በመጨረሻ። "ሳጥንህ ላይ ልውጣልህ ወይ ብዬ ስጠይቅህ..."

ጋቢር ዓይኑን ከእሱ ላይ አላነሣም። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር ማሰብ ጀመረ። በእነዚያ ወራት ያልጠየቅነው ነገር አልነበረም፤ የጠየቅነው ሁሉ ደግሞ አዎ ተብሎ ተመልሶልናል። ጎረቤቱ ዓይኑን መሬት ተከለ። ፀጉር አስተካካዩ ቆቡን አወለቀ። እኔም አንድ ቀን ብቻችንን ሳለን የጠየቅሁት ነገር ነበር፤ ምን እንደ ሆነ አልነግራችሁም።

ኢንሺራሕ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። መሐረቡን ከመሬት አነሣች፣ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ መልሳ አጠፈችው።

"ጋቢር" አለችው፣ "እኔስ? ማታ ማታ ሳለብስህ 'ደህና ነህ አይደል?' ስልህ፣ አዎ ስትለኝ፣ እኔም እፎይ ብዬ ስተኛ..."

ጨርሳ አልጠየቀችውም። ጋቢር ወደ እሷ ዞረ። አፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው።

"ደህና... አልነበርኩም" አላት። "ኢን... ሺራሕ።"

ኢንሺራሕ ለሙሽራው የተዘጋጀውን ወንበር ጎትታ ከፊቱ ተቀመጠች፣ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ።

"በል አሁን ንገረኝ" አለችው። "አልቸኩልም።"

እኛም ድምፅ ሳናሰማ፣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ አንድ በአንድ ወጣን።